በወንድሜ ቦታ የመጣው ልጅ

ይሄ የምነግራችሁ ነገር በእውነት የደረሰ ነው። በእኔው ላይ የደረሰ።

"ድራማ የምትሠራ ሴት ድራማ ብታወራ ምን ይገርማል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የምለው።

አስፈሪ ታሪክ ሲባል ደግሞ ሌሊትና መቃብር ለምዳችኋል። እዚህ ውስጥ ጨለማ የሚባል ነገር የለም። የጀመረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን እየሠራ ነው...

አንድ ነገር ብቻ አደራ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ያያችሁ ሰዎች "ማንም አልተተካም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያው ልጅ ነው" ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። እሱን ስንቱ ነግሮኛል።

ድራማው የቤተሰብ ታሪክ ነው። ዓመታት አስቆጥሯል። እኔ ታላቅ እህት ሆኜ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሆኖ የሚሠራው ደግሞ የእውነት ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ የአንድ እናት ልጆች ነን።

ቤት ውስጥ ድንቡሼ ነው የምንለው። ሕፃን እያለ ጉንጩ ከመሙላቱ የተነሳ አይቆነጠጥም ነበር፤ ካደገ በኋላም ሆዱ ስላልጎደለ ስሙ ጸናበት። እሱ ደግሞ እኔን "እታለም" ይለኛል። በዚህ ስም ከቤት ውጭ ጠርቶኝ አያውቅም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ቀረጻ ሊጀመር ሲል ድንቡሼ በቃኝ አለ።

"ሰልችቶኛል እታለም። ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ ሰው የሚጠራኝ በድራማው ስም ነው። እስቲ ደግሞ ትንሽ ራሴን ሆኜ ልኑር።"

"አንድ ምዕራፍ እኮ ነው የቀረው! ጨርሰህ ብትወጣ ምን አለበት?"

"አልችልም አልኩሽ።"

ግትርነቱን ከእናታችን ነው የወረሰው። ተውኩት።

ዳይሬክተሩ እንደፈራሁት አልተቆጣም። ሁላችንንም ሰብስቦ እንዲህ አለን።

"ታሪኩ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። ወንድም መንገድ ሄዶ ነበር፣ ተመለሰ፣ አለቀ። ስለ ፊቱ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ካሜራ ሲጠፋም ያው የድሮው እንደሆነ አድርጋችሁ ያዙት። አለዚያ ዓይናችሁ ላይ ያስታውቃል።"

ተዋናይ ሲተካ እንዲህ ይደረጋል። ምንም አልመሰለኝም።

የመጀመሪያው ቀን ደረሰ።

የድራማው ሳሎን ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ጣሪያ የለውም፤ ከላይ መብራት ነው የተንጠለጠለው። በመስኮቱ የሚታየው ዛፍም ጨርቅ ላይ የተሳለ ነው።

አዲሱ ልጅ ሻንጣ ይዞ በበሩ ገባ።

ረጅም። ቀጭን። አገጩ ሾጠጥ ያለ። ከድንቡሼ ጋር በምንም አይመሳሰሉም።

እንደታዘዝኩት ሮጬ አቀፍኩት።

ያኔ ጆሮዬ ሥር... በጣም ዝግ ባለ ድምፅ...

"እታለም... ከስተሻል።"

ይሄ የድራማው ጽሑፍ ላይ የለም።

እንባዬ ሳላስበው መጣ። ዳይሬክተሩ ግን የትወና እንባ መስሎት "ግሩም!" ብሎ አጨበጨበ።

ከቀረጻው በኋላ ወደ ድምፅ ባለሙያው ሄድኩ። ማይኩ ደረቴ ላይ ስለነበር ሁሉንም መስማቱ አይቀርም።

"ጆሮዬ ላይ ምን እንዳለኝ ሰምተሃል?"

"ከስተሻል ነዋ ያለሽ።"

"ከዚያ በፊትስ? በምን ስም ነው የጠራኝ?"

"እታለም ብሎ። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደል እንዴ የሚልሽ?"

ትእዛዙን እያከበረ ነው ብዬ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ዕቃ አዘጋጁ የሳሎኑን ፎቶዎች ይቀይር ነበር። ድንቡሼ ያለባቸውን አውርዶ አዲሱ ልጅ ያለባቸውን ይሰቅላል። ሥራው ነው። መሰላሉ ላይ እንደቆመ ስመለከተው ዓይኔ አንዷ ፎቶ ላይ ዐረፈ።

ይህቺ የእኔ ናት። ድራማው ሲጀመር ከቤት አምጥቼ ያዋስኳቸው። እኔና ድንቡሼ በልጅነታችን፣ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተቀምጠን፣ አረፋ ራሳችን ላይ ቆልለን...

ሳፋው ያው ነው። አረፋውም ያው ነው። እኔም እኔው ነኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሕፃን ግን ቀጭን ነበር። አገጩ ሾጠጥ ያለ።

"ይሄንን ማን ሠራው?" አልኩት።

ዕቃ አዘጋጁ ጎንበስ ብሎ አየው።

"እሷን አልነካኋትም። አንቺ ያመጣሻት አይደለች?"

ወደ ሜካፕ ክፍል ሮጥኩ። ሜካፕ ሠሪያችን አፏ የማያርፍ፣ በሰው መቀለድ የምትወድ ሴት ናት። እሷ እንደማትዋሸኝ አውቃለሁ።

"የድሮው ልጅ ትዝ ይልሻል አይደል?"

"የቱ የድሮው?"

"በናትሽ ተይ! ካሜራ የለም እዚህ። ወንድሜን ነው የምልሽ። ጉንጩን በዱቄት መሸፈን ሰለቸኝ ትዪ አልነበር?"

ብሩሹን አስቀመጠች። በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብላ አየችኝ።

"ደክሞሻል መሰለኝ" አለች በቀስታ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቀልድ አልወጣትም።

ወጥቼ ድንቡሼ ጋ ደወልኩ። ድምፁን ስሰማ ነፍሴ መለስ አለች።

"እታለም፣ ነፃ ወጣሁ! ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስዞር አንድ ሰው እንኳ አላወቀኝም! ባለሱቁ ራሱ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ለሰፈሩ አዲስ ነህ እንዴ?' አይለኝም!"

ከት ብሎ ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስለ ፎቶውም አልነገርኩትም። ደስታውን ላበላሽበት አልፈለግኩም።

በሳምንቱ... ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ... ለቀረጻ ተዘጋጅቼ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

ድንቡሼ ነው። እያንሾካሾከ ነው የሚያወራው።

"እታለም... እማዬ በር አልከፍትም አለችኝ።"

"ምን ማለት ነው?"

"በሰንሰለቱ ክፍተት አየችኝና... 'ልጄ ቤት ውስጥ ነው፤ ማንን ፈልገህ ነው?' አለችኝ።"

"ቀልዳ ይሆናል።"

"አልቀለደችም! ፈራችኝ። የገዛ እናቴ ፈራችኝ እኮ..."

ሲያለቅስ ይሰማኛል። ድንቡሼ ካደገ ወዲህ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

"የትም እንዳትሄድ። መጣሁልህ።"

"ቶሎ ነይ... ውስጥ ሰው እየሳቀ ነው።"

ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ አገኘኝ።

"አዲሱ ልጅ የት ነው?" አልኩት።

"የትኛው አዲስ? ወንድምሽን ከሆነ ዛሬ ቀረጻ የለውም። እናቴ ጋ ምሳ እበላለሁ ብሎ ሄዷል።"

በድራማው ልብስ፣ ሜካፑን ሳላስለቅቅ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ስደርስ ደጃፉ ላይ ድንቡሼ የለም። አንኳኳሁ። እናቴ ሰንሰለቱን አላቅቃ ከፈተችልኝ።

"መጣሽ? ወንድምሽ ካልመጣች አልበላም ብሎ ሾርባው ቀዘቀዘ።"

ገባሁ።

አዲሱ ልጅ የድንቡሼ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩን አጥፎ ከሥሩ አድርጓል። ድንቡሼ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው።

"እማዬ... ይሄ ማነው?"

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ። መጥታ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰችኝ።

"አሞሻል እንዴ ልጄ?"

የእናቴ እጅ ነበር። ሙቀቱም፣ የሽንኩርቱ ሽታም የእሷው። እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

"ይሄ ድንቡሼ አይደለም! እይው እስቲ! ድንቡሼ ወፍራም ነው እኮ እማዬ!"

"ወፍራም? ይሄ እንጨት? ድንቡሼ ያልኩት ለቀልድ አይደል እንዴ! ከተወለደ ጀምሮ መቼ ሥጋ ይዞ ያውቃል?"

ውኃ ልታመጣልኝ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

አዲሱ ልጅ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ተይ እታለም... አትታገዪ" አለኝ በሹክሹክታ። "ይለመዳል።"

"አንተ ማነህ?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

"እኔም መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር" አለ።

ወደ መስኮቱ ሸሸሁ። እዚያ... ከመንገዱ ማዶ፣ የመብራት ምሰሶው ሥር... ድንቡሼ ቆሟል! ሰማያዊ ጃኬቱን ለብሷል፤ ሰፊ ነው ብዬ ገዝቼለት ሆዱ ላይ አልዘጋ ያለውን።

እናቴ ብርጭቆ ይዛ ከኋላዬ መጣች።

"ያ ሰውዬ ከቅድም ጀምሮ እዚያ ቆሟል። ያስፈራኛል" ብላ መጋረጃውን ሳበችው።

ገፍቻት ወጣሁ። መኪና ሊገጨኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ደርሼ እጁን ያዝኩት።

"ድንቡሼ! አይዞህ፣ መጣሁ! ና እንሂድ ከዚህ!"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ዓይኑ ፊቴ ላይ ዞረ... ዞረና... ምንም ሳያገኝ ተመለሰ።

"ይቅርታ" አለኝ። "እርስዎ ከዚያ ቤት ነው የወጡት?"

"ምን እርስዎ ትለኛለህ! እኔ ነኝ!"

"እህቴን አይተዋት እንደሆነ ብዬ ነው። ልትመጣልኝ ነበር..."

እጁን ቀስ ብሎ ከእጄ አስለቀቀ። መንገድ ላይ የሚያስቸግሩትን ተመልካቾች እንደዚያ ነበር የሚያስለቅቀው። በትህትና፣ ሳያስቀይም።

ስልኩ ጮኸ።

ፊቱ በራ። ያንን ፊት ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"ይኸው ደወለች! አቤት እታለም! የት ደረስሽ?... እሺ... እሺ... መስኮቱ ጋ?"

የእኔ ስልክ እጄ ላይ ነው። ለማንም አልደወልኩም።

ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ አየና እጁን አወዛወዘ። ዞርኩ።

የእናቴ መጋረጃ ተከፍቷል። መስታወቱ ጋ አንዲት ሴት ቆማለች። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ፣ በሌላው እጇ ና ና ትለዋለች። እናቴ ትከሻዋን አቅፋት ትስቃለች።

"አትሂድ!" ብዬ ጮህኩ። "ድንቡሼ፣ በእናትህ አትሂድ! እሷ እኔ አይደለችም!"

አልሰማኝም። እየሮጠ ተሻገረ። በሩ ተከፈተለት። ገባ። ተዘጋ።

በሩን እጄ እስኪላጥ ደበደብኩ። ማንም አልመጣም። የሰው ድምፅ የለም፣ የማንኪያ ኮሽታ እንኳ የለም። በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ዞሬ ፊቴን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ቀርቧል። ሴትየዋ ተቀምጣለች። እናቴና አዲሱ ልጅ ቆመዋል።

ድንቡሼን ፈለግኩ። በየጥጉ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ... የለም።

አዲሱ ልጅ ሰማያዊውን ጃኬት ለብሶ ነበር። እናቴ ፊት ለፊቱ ቆማ ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ ዚፑን እስከ አንገቱ ሳበችለት።

ጃኬቱ ልኩ ነበር።