ቀዩ ጓንት

ኦድቫር የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ምድጃው ፊት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። የትሮንሄም ሰፈርተኞች ብረታቸውን ምድጃ ውስጥ በሚጋገር የዱቄት ቀለም የሚቀቡበትን የጋራ ወርክሾፕ ሃያ ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። ተቀብተው ላደሩት ብረቶች የጋዙን ምድጃ ሊያሞቅ ማልዶ መጥቶ ነበር። የጭስ መውጫው ክዳን ተዘግቶ ስለነበር ጭሱ ገደለው።

«ክዳኑን ማነው የሚዘጋው?» አለች መርማሪዋ ቦርግሂልድ።

«ያሻው ሰው» አለ ሬሳውን ያገኘው ቶርገይር። «ዱቄቱን ስንረጭ ንፋስ እንዳይወስድብን። የዘጋ ሰው ግን ቀዩን ጓንት ምድጃው እጀታ ላይ ያንጠለጥላል። ጓንቱን እያየ የሚለኩስ የለም። ዛሬ ስገባ እጀታው ላይ አልነበረም።»

ጓንቱ አሁን ግድግዳው ላይ፣ የወትሮ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

«ቶርገይር ትናንት ኦድቫርን ‹ምድጃው ውስጥ ከትቼ ነው የምጋግርህ› ብሎታል» አለች ጎረቤቱ ሱኒቫ።

«ቀልድ ነዋ! እሱስ የአጥር በሬን ቀለም ‹ላም የላሰችው› ብሎ ሲስቅብኝ የት ነበርሽ?» ቶርገይር ፊቱ ቀላ።

ሌላዋ ሰፈርተኛ ጉድሩን ሴት ልጇን እቅፍ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ቦርግሂልድም ያኔ ያየችው ቶርገይርን ብቻ ነበር፤ ልትወስደው መኪና ጠርታለች።

መኪናው እስኪደርስ የተሰቀሉትን ሦስት ብረቶች በባትሪ ዞረቻቸው። ቀጥላ ጓንቱን ጨበጠችው። ቆመች። ሁሉንም ወደ ምድጃው ጠራች።

«የቶርገይር በርና የሱኒቫ ወንበር በጭስ መውጫው በኩል ቀለማቸው ሳስቷል። ላሟ ንፋሱ ናት። ሁለቱ ሲረጩ ክዳኑ ክፍት ነበር ማለት ነው። ይሄ አረንጓዴ የልጅ ብስክሌት ግን ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ነው፤ ክዳኑ ተዘግቶ ነው የተረጨው። የማን ነው?»

«የኔ» አለች ጉድሩን።

«ጓንቱ ደግሞ ርሷል። እዚህ ያደረ ጓንት በረዶ ከየት ያገኛል? ዛሬ ከውጭ መጥቶ ነው የተሰቀለው።»

የጉድሩን ድምፅ ተሰበረ። «ትናንት ረጭቼ ስጨርስ ልጄን እጇን በረዳት። ሁለቱንም እጇን ጓንቱ ውስጥ አንድ ላይ አጠለቅኩላትና ይዣት ሄድኩ። ክዳኑ ጭራሽ ከሐሳቤ ወጣ። መሞቱን ስሰማ መጀመሪያ የሮጥኩት ጓንቱን ልመልስ ነው።»

«ቶርገይር ሲወነጀልስ?»

«ሰማሁ። ልጄ እያየችኝ እንዴት ልበለው? አፈርኩ። ዝም አልኩ።»

ሱኒቫ ቶርገይርን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ቦርግሂልድም ይቅርታ ልትለው ፈልጋ ባትሪዋን ብቻ አጠፋች። እሱ ማንንም ሳያይ ሄዶ ክዳኑን ከፈተው። ንፋሱ ገባ፤ አረንጓዴው ዱቄት ከብስክሌቱ ላይ ተነስቶ ጫማቸው ላይ አረፈ። ያራገፈ አልነበረም።

ልጅቷ ሁለት እጇን ቀስ አድርጋ እጅጌዋ ውስጥ ደበቀች።