የኮረሪማ ሽታ

ዛኪር ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም ይሸጣል። ሰልሳቢል ፊት ለፊቱ ሻርፕ ትሸጣለች። የተዋወቁት በፀብ ነው። የበርበሬው ብናኝ ነጫጭ ሻርፖቿን አቀላባት።

«ይሄን ማን ያጥብልኝ?» ብላ መጣችበት።

እሱም ኮረሪማ በእፍኙ ዘግኖ ሰጣት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ኮረሪማ ከኪሷ ጠፍቶ አያውቅም።

ሽማግሌ ተልኮ የኒካህ ቀን ሊቆረጥ ሲል ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ። ካንሰር ነበር። እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከዚያ ኬሞ ተጀመረ።

«ቀዶ ሕክምናው ያወጣው የሚታየውን ነው» አለቻቸው ዶክተሯ። «ኬሞው በደም ሥር ገብቶ የተረፈውን ያሳድዳል። ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሕዋስ ካገኘ ይመታል፤ የፀጉርና የአንጀቱንም አይምርም። የጨረር ሕክምናው ግን በኋላ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።»

ዛኪር ሊጠይቃት ቤቷ ሲገባ ገና ከበሩ አስታወካት። ኬሞው ሽታ አላስችል ብሏት ነበርና ያስታወካት ልብሱ ውስጥ የሰረገው ቅመም ነው። ታጥቦ፣ ልብስ ለውጦ ቢመለስም ያው ሆነ። የቅመም ሽታ እንደ ሐሜት ነው፤ ቢያጥቡት አይለቅም። ስለዚህ መስኮቷ ስር ቆሞ ያወራት ጀመር።

«ፀጉሬ ረግፏል፤ ቀና ብለህ እንዳታየኝ።»

«ሻርፕ ሻጭ ፀጉር ምን ያደርግላታል?»

«አፍህን ዝጋ!» ትለዋለች እየሳቀች።

አንድ ጠዋት ደወለችለት። «ዛኪ፣ ኮረሪማ ይዘህ ና። ዛሬ ወደ ውስጥ ግባ።»

ሱቁን ለጎረቤቱ ትቶ በሥራ ልብሱ በረረ። ሰልሳቢል ኮረሪማውን ፈልፍላ አሸተተችው። አላስታወካትም።

«አልሐምዱሊላህ! ዳንሽ! ኒካሁ ለጁምዓ ይሁን?»

እናቷ እትዬ ሰኪና ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ሰልሳቢል እጁን ያዘችው።

«ኬሞውን አቁመውታል፣ ዛኪ። ካንሰሩ ጉበቴ ውስጥ ገብቷል። ከእንግዲህ መድኃኒቱ እኔን ከመጉዳት በቀር አይሠራም አሉ። የማያስታውከኝ ለዚህ ነው።»

ልቡ ተሰበረ። ደስ ብሎት በመጮሁ አፈረ። ዓይኑን ሳያብስ፣ «ለጁምዓ ነው ያልኩሽ» አላት።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ኒካሁ አልጋዋ አጠገብ ታሰረ። ሙሽራው ሽቶ አልተቀባም፤ ሙሽራዋ ከልክላዋለች። የሱቁን ልብስ ሳይለውጥ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እሷም ደረቱ ላይ ተደግፋ የኮረሪማውን ሽታ በረጅሙ ሳበች።