የናዚፋ የመጨረሻ ውህድ

የወጣቷ ተመራማሪ የናዚፋ አስከሬን የተገኘው ቡሬ ዳር ባለች አነስተኛ የምርምር ማዕከል፣ በጠባቧ ቤተ ሙከራ ወለል ላይ ነው። ቁስል የለባትም፤ ከንፈሯ ግን ጠቁሯል። ከፍኖተ ሰላም የተጠራችው ኢንስፔክተር አቻምየለሽ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ባለው ብልቃጥ ላይ አረፈ። ፈሳሹ እንደ ማር ጠርቷል።

«ምን ትሠራ ነበር?» ስትል የማዕከሉን ኃላፊ ዶክተር ክንፈሚካኤልን ጠየቀች።

«ከካርቦን ሌላ ባዕድ አቶም የገባባቸውን ሁለት ቀለበት መሰል ሞለኪውሎች ፓላዲየም በሚባል ብረት ታጋጥም ነበር፤ ለወባ መድኃኒት ፍለጋ። አየር ከገባበት ፈሳሹ ይጠቁራል፤ ሥራው ይበላሻል። አየሩን ለመከላከል የናይትሮጅን ጋዝ እንለቅበታለን።»

«የጋዙ ሲሊንደር ባዶ ነው» አለች አቻምየለሽ።

«ትናንት የተቀየረው!» አሉ ዶክተሩ ደንግጠው።

የናዚፋ ባልደረባ ወይኒቱ እንባዋን ጠረገች። «የብልቃጡ ክዳን ላስቲክ ስንጥቅ ስለሆነ ጋዙን አብዝታ ትለቀዋለች። ያ አልገጥም ያለ መስኮት ጋዙን ባያስወጣው እኛም ይህን ያህል እንድትለቅ አንፈቅድላትም ነበር። እሷን ግን ነፋሱ አስመረራት፤ ሥራዋን ሁሉ አጠቆረባት።»

የናዚፋ እጮኛ ሙዓዝ፣ የማዕከሉ የጥገና ሠራተኛ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ጠዋት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ» አለ። «መስኮቱ እንደ ወትሮው ገርበብ ብሎ ነበር።»

አቻምየለሽ ወጥታ መስኮቱን ከውጭ በኩል ዳሰሰችው። ቀለሙ ዙሪያውን ተልጧል፤ ጣቷ ላይ ሙጫ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የሟች እናት ራጂያ ከጅጋ ሲደርሱ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ሐኪሙ መርዝ አላገኘም» አለች። «ናይትሮጅን አይሸትም፣ አያስልም፤ አየሩን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፤ ሰው ሳያውቀው ታፍኖ ይሞታል። መስኮቱ ክፍት ቢሆን ጋዙ በወጣ፣ ፈሳሹም እንደ ሌላው ቀን በጠቆረ። አልጠቆረም። ትናንት መስኮቱ ከውጭ በፕላስተር ታሽጎ ነበር ማለት ነው። ጠዋት ግን ፕላስተሩ የለም። ማንም ሳያይ ሊልጠው የሚችለው ቀድሞ የደረሰው ሰው ብቻ ነው። ሙዓዝ፣ ለምን?»

ሙዓዝ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ሥራው በተበላሸ ቁጥር ታለቅስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ይቅናት ብዬ አሸግኩት። አመሻሽ ላይ ደወለችልኝ፤ ‹ዛሬ ነፋሱ ተኛልኝ› ብላ ሳቀች። እኔ ነኝ አላልኳትም፤ ሲሳካላት ልነግራት ነበር። ጠዋት ሳያት... ፈራሁ፤ ፕላስተሩን ገነጠልኩት።»

ዶክተሩ ወደ ብልቃጡ ዞረው፣ «ተሳክቶላት ነበር» አሉ።

ራጂያ ሙዓዝ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ልትገድላት እንዳላሰብክ ልቤ ያውቃል። ተነስ፤ አብረህ አፈር አልብሳት። ከዚያ በኋላ ግን፣ ልጄ፣ በጅጋ በኩል አትለፍብኝ። ፊትህን ማየት አልችልም።»

አቻምየለሽ ያወጣችውን ካቴና ወደ ኪሷ መልሳ በሩን ከፈተችላቸው።