ባዶ ነው ያልኩት ፍላሽ

ይህ የሆነው እዚሁ ከሚሴ፣ በገዛ ቢሮዬ፣ በገዛ ዓይኔ ፊት ነው። ማስረጃ አምጣ ለሚለኝ ማስረጃ የለኝም። ውሸት ነው የሚል ካለ ግን ፊት ለፊት ይምጣና ይንገረኝ!

ባለፈው አርብ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም።

ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ገብቷል። የባጃጅ ድምፅ እንኳ የለም። መንገዱ ላይ ፀሐይ ብቻ...

ማስረሻ እባላለሁ። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። "ቀይረው" ካለኝ ሰው ሁሉ ጋር ተጣልቻለሁ። የሚሠራ ነገር ለምን ይጣላል?

አዲስ ፍላሽ ሲሰካበት እንደማያነብ ግን አውቃለሁ። ይህን ያዙልኝ... አውቃለሁ።

እማማ ሰዒዳ ገቡና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የጨፋ ሮቢት ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሙሀመድኑር፣ እሳቸው ሙሄ የሚሉት፣ ሳዑዲ ሄዶ እዚያው እንደሞተ ሰምቼ ነበር።

የሻሻቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። አዲስ ፍላሽ።

"ጓደኛው ነው የላከልኝ። ድምፁ አለበት አሉኝ። ሳይሞት በፊት ለኔ ያለው።"

"እስካሁን አልሰሙትም?"

"በምን ልስማው? የኔ ስልክ ሃሎ ከማለት በቀር ምን ያውቃል።"

"ሌላ ቅጂ የለውም?"

"ይኸው ብቻ ነው። አላህ ይስጥህ፣ አሰማኝ።"

ሰካሁት። ማሽኑ አጓራ።

"ይኼ መኪናህ እንደኔ ወገቡን ያመዋል መሰል" ብለው ሳቁ።

ተናደድኩ። በማሽኑ ብቻ አይደለም፣ በሳቸውም ጭምር።

ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ። ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፤ ይደረግ?

ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው። ነቅዬ "የኔ ኮምፒውተር አይችልም፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ" ማለት ነበረብኝ። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማውጣት አፌ እምቢ አለ።

ይደረግ አልኩት።

እርግጠኛ ነህ? ሁሉም ይጠፋል፣ አለኝ።

ደግሞ ሊከራከረኝ! እሺ የሚለውን ተጫንኩ።

አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ሞላ...

ከፈትኩት። ባዶ።

ያደረግኩት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

"ምን ይላል?" አሉ እማማ ሰዒዳ፣ በሹክሹክታ።

"ምንም የለውም እናቴ። ባዶውን ነው የላኩልዎት።"

ጥፋቱን በማላውቀው የልጃቸው ጓደኛ ላይ ላከክሁት።

እሳቸው ግን የሰሙኝ አልመሰለኝም። አንገታቸውን ወደ ስፒከሩ ዘንበል አድርገዋል።

"እሽሽ..."

ምንም ድምፅ የለም። የስፒከሩ ገመድ መሬት ላይ ነው። ገና አልሰካሁትም።

"ጂራ" አሉ በኦሮምኛ። "ጂራ፣ ኢልመኮ..."

አለሁ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ፈገግ አሉ። እንባቸው ወረደ።

ፍላሹን ነቀልኩት።

አሁንም ያዳምጣሉ። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እንደሚጠብቅ ዝም ይላሉ... ከዚያ ይመልሳሉ።

"እናቴ... ማንን ነው የሚያናግሩት?"

"ቆይ፣ አታቋርጠው!"

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ።

"ስላንተ ነው የሚለው። 'ሁለቴ ተጠየቀ፣ ሁለቴ እሺ አለ' ይላል... ምንድነው እሱ?"

ስክሪኑ ወደኔ ዞሮ ነበር። እሳቸው አላዩትም። ቢያዩትም ፊደል አልቆጠሩም።

"እኔ እንጃ" አልኩ።

እንደገና ዋሸሁ! ማንም ክርክር ቢገጥመኝ የማልፈራ እኔ፣ እናትን... በልጇ ፊት።

እማማ ሰዒዳ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ወንበሩ ጫፍ ፈቀቅ አሉ።

"ቁጭ በል፣ ሙሄ" አሉ በቀስታ። "ሰውየው እስኪናገር እንጠብቃለን።"

አግዳሚው ወንበር በባዶው በኩል ሲጢጥ... ብሎ ጎበጠ።