የላላው ከበሮ

ቴዎፊሎ ግሬናልድ የሞተው ከበሮ ሲመታ ጣቶቹ ላይ የሚጠቀልለውን ፕላስተር ሳይልጥ ነው። መርማሪ ኢራይዳ ኮርሲኖ ብሩክሊን፣ ፍራንክሊን ጎዳና ወደሚገኘው የሙዚቃ ባንድ መለማመጃ ምድር ቤት ስትገባ፣ ከሁለት ኮንጋ ከበሮዎቹ አጠገብ በጎኑ ተጋድሞ አገኘችው። የኋላ ጭንቅላቱን የፈነከተው የማይክሮፎን መቆሚያ እግሩ ሥር ወድቋል። ብረቱን የባንዱ ሰው ሁሉ በየቀኑ ስለሚነካው የጣት አሻራ የሚናገረው ነገር አልነበረም።

«አትድከሚ» አላት ሳጅኑ። «ገዳዩ ተይዟል። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ዌንዴል ትናንት በሰው ፊት ‹አፍህን እዘጋልሃለሁ› ብሎታል። ነገ ዳኛ ፊት ይቀርባል።»

«እኔስ አንተን ስንቴ ብዬሃለሁ? እስካሁን ቆመህ ታወራለህ።»

ጎንበስ ብላ አንዱን ከበሮ በጣቷ አንጓ መታችው። ቆዳው እንደ ረጠበ ካርቶን ዱፍ አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ብሎኖቹ በእኩል ልክ ላልተዋል። ሬሳውን ሲያነሱት ደግሞ፣ ተኝቶበት በነበረው የሱሪ ኪሱ ውስጥ የብሎን መፍቻው ተገኘ።

«ቺሊብሬ» የተባለውን ባንድ የመሠረቱት ሦስቱ የግሬናልድ ወንድማማቾች ናቸው፤ በሳክስፎን ሮሄሊዮ፣ በከበሮ ቴዎፊሎ፣ በትራምፔት አንሴልሞ። ከበሮዎቹን ከፓናማ በመርከብ ይዟቸው የመጣው አባታቸው ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው ሲወጣ መንገዱ ሁሉ በመስኮት ሲጨፍርለት ኢራይዳም ከጨፋሪዎቹ አንዷ ነበረች። ዘንድሮ ግን የሸክላ ኩባንያው ለጭፈራ ቤት የሚሆን፣ ኮንጋ የሌለበት ሙዚቃ ጠየቀ። ሮሄሊዮ እሺ አለ። ቴዎፊሎ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

ፎቅ ላይ እናትየዋ ዶኛ ኤድልሚራ አተር እየፈለፈሉ ነበር። እጃቸው ሥራ ባይዝ ኖሮ ይጮሁ እንደነበር ያስታውቃል።

«ሲመታ እሰማው ነበር» አሉ። «መሃል ላይ ቀጥ አለ፤ ወዲያው ጓ! ከበሮው የወደቀ መስሎኝ ‹ቀስ በል አንተ!› ብዬ ጮህኩበት።»

«መሃል ላይ ሲሉ?»

«ምቱን ሳይዘጋ ነዋ! ይሄ ልጅ ቤት ቢቃጠል ምቱን ሳይዘጋ አይነሳም። ከዚያ ዝም። ቆየት ብሎ በር ተዘጋ።»

«ከበሮዎቹ ላልተዋል፣ እማማ።»

«መላላትማ አለባቸው! ባሌ ቆዳው ሳያርፍ እራት አያስበላም ነበር። ‹ተወጥሮ ያደረ ቆዳ ይሰነጠቃል› እያለ ሁለቱን ትልልቆቹን በኩርኩም ነው ያስተማራቸው። አንሴልሞ ያኔ ጡት አልጣለም።»

ዌንዴል እስር ክፍሉ ውስጥ ጥፍሩን እየበላ ነበር።

«ከበሮውን ነክተሃል?»

«እኔ? እህቴ፣ ቴዎን አታውቂውም! አንድ ቀን ብርጭቆ አስቀምጬበት ጣቴን ሊሰብረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዞሬ ነው የማልፈው።»

«በምን እንደሚላላስ ታውቃለህ?»

«በጸሎት ይመስለኛል።» ሳቁ አልዘለቀም። «ሚስቴ በዚህ ወር ትወልዳለች። ልጄን በብረት ፍርግርግ ልያት?»

ኢራይዳ ስትጠይቀው አንሴልሞ ኪሱን ገለበጠ፤ የትራምፔት መንፊያ አፍና ማስቲካ ብቻ ወጣ። ሮሄሊዮ ግን ለመቀመጥ እንኳ አልፈቀደም። «ቤቴ ተኝቼ ነበር። የወንድሜ ገዳይ እጃችሁ ላይ ነው፤ እኔን ምን ትዞሪኛለሽ?» አለና የመኪናውን ቁልፎች እያንሿሿ ወጣ። ከቁልፎቹ መሃል አንዱ ቁልፍ አለመሆኑን ኢራይዳ አየች።

በማግስቱ ጠዋት እናትየዋን ጨምሮ ሁሉንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ዌንዴል ካቴና እንዳጠለቀ ከሳጅኑ ጋር መጣ። «ሁላችሁም በልምምድ ቦታችሁ» አለች። የሮሄሊዮ ቦታ ከከበሮዎቹ ጎን ነው። እሷ ቀድማ ወጥራቸዋለች፤ አንዱን ስትመታው ጥን ብሎ ግድግዳው ላይ አስተጋባ። ከዚያ እንደ ረሳችው ሁሉ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ቴዎፊሎ ምቱን ሳይዘጋ ወደቀ፤ እናቱ ሰምተዋል። እየመታ ስለነበር ቆዳው ውጥር ነው። ለማላላት ጊዜ አላገኘም፤ ፕላስተሩን እንኳ አልላጠም። እኛ ስንደርስ ግን ቆዳው ልል ነበር።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ አንሴልሞ።

«ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው አላላው ማለት ነው። በቴዎፊሎ መፍቻ እንዳይባል፣ መፍቻው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እሱ ራሱ ተኝቶበታል። ስለዚህ ገዳዩ የራሱ መፍቻ አለው። ዌንዴል ከበሮ በጸሎት የሚላላ ይመስለዋል። ለአንተ የሰጡህ ትራምፔት ነው። በድንጋጤ መሃል ቆሞ ብሎን የሚፈታ ሰው፣ ይህን በልጅነቱ በኩርኩም የተማረ ነው። ሰው ሲጨንቀው አእምሮው ይጠፋል፤ እጁ ግን የለመደውን ያደርጋል። አሁንም...»

ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ዞረ።

ሮሄሊዮ ከበሮው ላይ አጎንብሷል። ከቁልፎቹ ጋር የተንጠለጠለችው ትንሽ መፍቻ የመጨረሻውን ብሎን ይዛለች። ቀና ሲል ሁሉም እያዩት ነበር፤ ከዚያም እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከተው።

«ሮሄሊዮ» አሉ ዶኛ ኤድልሚራ።

«ሊሄድ ነበር፣ እማዬ። ከበሮዎቹን ይዞ፣ የራሱን ባንድ ሊያቋቁም። ተው ስለው መምታቱን አላቆመም፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ያለ እሱ ቺሊብሬ ምንድን ነው? ሃያ ዓመት የገነባሁት...»

«ወንድምህ መሬት ላይ እየደማ ቆዳውን አሳረፍክ?»

ሳጅኑ ከዌንዴል እጅ ላይ ካቴናውን ፈታ። ዌንዴል የእጁን አንጓ እያሸ ሮሄሊዮን አየው። «ትናንት መጥተህ አይዞህ ብለኸኝ ነበር» አለው። «ሲጋራም ሰጠኸኝ።»

ሮሄሊዮ ዓይኑን ሰብሮ ወደ ኢራይዳ ዞረ። «ሁለተኛው ከበሮ እንደተወጠረ ነው» አለ በዝቅታ። «ላላላውና እንሂድ።»

ኢራይዳ አመነታች። እናትየዋ ግን ተነሥተው በልጃቸውና በከበሮው መካከል ቆሙ።

«ተወው» አሉ። «ይሰንጠቅ።»