እናትዓለም የሚባል ፎልደር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነገሩ እንዲህ ነበር። የእምቦጭ አረም መመዝገቢያው ፕሮግራም በእናትዓለም ላፕቶፕ ላይ እንከን አልነበረበትም። በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ባሉት አሥራ ሁለት ማሽኖችም ላይ ይከፈታል፤ የማስቀመጫ ቁልፉን ሲጫኑት «ተቀምጧል» ይላል። ግን ምንም አያስቀምጥም።

ይህ የታወቀው በወለተ ኪዳን ነው። የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ ጣና ዳር ስለ እምቦጭ አረም የመዘገበችውን ሁሉ አስገባች፤ በማግስቱ ብትከፍተው ባዶ ነው። የጻፈችበትን ወረቀት ደግሞ ጥላዋለች። «ተቀምጧል ብሎኝ እኮ ነው» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ለእናትዓለም ይቀላት ነበር።

ነገ ደግሞ የሳይንስ ክበቡ ፕሮግራሙን ለወላጆች ያሳያል።

«ስህተቱን አገኘሁት» አለች እናትዓለም። «ፋይሉ የሚቀመጥበትን ቦታ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ‹እናትዓለም› የሚባል ፎልደር ውስጥ። እሱ ያለው የእኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው።»

«ይፍጠረዋ!» አለ ይትባረክ። ፕሮግራሙን አብረው ነው የሠሩት፤ መልኩን እሱ፣ ውስጡን እሷ።

«በተማሪ አካውንት እዚያ ቦታ ፎልደር መፍጠር አይፈቀድም። ኮምፒውተሩ ይከለክለዋል። ፕሮግራማችን ግን መልሱን ሳይሰማ ‹ተቀምጧል› ይላል።»

ይትባረክ አንዱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሆነ ነገር ጻፈ። ማሽኑ በአስተዳዳሪው አካውንት ተከፈተ። ፕሮግራሙን ሲያስነሳው «እናትዓለም» የሚል ፎልደር ብቅ አለ፤ ፋይሉም ውስጡ ነበር።

«አበቃ! ሁሉም ላይ እንዲሁ እናደርጋለን።»

«የጋሽ ሣህሉን ፓስወርድ ከየት አመጣኸው?»

«ሰጡኝ።»

«መቼ?»

«አቦ አታካብጂ! ሰጡኝ አልሁሽ።» በሩን አየ።

ጋሽ ሣህሉ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ወደ ቤት ሲሄዱ እያንዳንዱን መስኮት ገፋ አድርገው መዘጋቱን ያረጋግጣሉ። ለሁለቱ ብቻ ግን የበሩን ቁልፍ ይተዉላቸው ነበር።

«ሲጽፉ አይተህ ነው» አለች እናትዓለም።

«ቢሆንስ? ያን ጊዜ ጣና ላይ እኔ ደሴቱ ገብቼ እምቦጩን ስመዘግብ አንቺ ጀልባ ላይ ቀረሽ። አሁንም ጀልባ ላይ ልትቀሪ ነው?»

ደሴቱ ላይ ያለው ገዳም ሴት አይገባበትም፤ እናትዓለም ያንን አውቃ ነው የሄደችው። ትዝ ያላት ሌላ ነገር ነው። ጀልበኛው እዚያ ዳርቻ ዕድሜውን ሙሉ ተመላልሷል። ያን ቀን ግን ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዳር የቆሙትን መነኩሴ «አባ፣ እንግባ?» ብሎ መልሳቸውን ሳይሰማ ገመዱን አልወረወረም።

«ጀልበኛው አንተንም ያስገባህ ጠይቆ ነው» አለች።

ይትባረክ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ።

«ፕሮግራሙም ይጠይቃል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ‹የዚህ ተጠቃሚ የሰነዶች ፎልደር የት ነው?› ይለዋል። ከዚያ ትንሽ ፋይል ጽፎ ይሞክራል። ከተከለከለም ተከልክያለሁ ይላል።»

«እስከ ነገ?»

«እስከ ነገ። አንተ ደግሞ ለጋሽ ሣህሉ ትነግራቸዋለህ።»

«ቁልፉን ይነጥቁናላ!»

«ይንጠቁን። ከፈለግህ አብሬህ እሄዳለሁ።»

በስሟ የተፈጠረውን ፎልደር አጥፍታ ከአካውንቱ ወጣች።

ጋሽ ሣህሉ ይትባረክን እስኪጨርስ ሰሙት። «እስቲ ዞር በሉ» አሉና ፓስወርዱን ቀየሩት። ቁልፉንም ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በሉ ሥሩ። እስክትጨርሱ እጠብቃችኋለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ወለተ ኪዳን እንደገና ሐይቁ ዳር ሄዳ የጻፈችውን ወረቀት ይዛ መጣች። «ከፈለግሽው ማሽን ጀምሪ» አሏት፤ ጥግ ያለውን መረጠች። «እዚህ ፎልደር ላይ መጻፍ አልተፈቀደልኝም። ያስገባሽው አልተቀመጠም» አላት ፕሮግራሙ። ወረቀቷን አንሥታ ወደሚቀጥለው ወንበር ተዛወረች።

አንድ በአንድ ስትሞክራቸው፣ በቀሩት አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ላይ ፋይሉ ተቀምጦ ተገኘ።