የማትቆመው ወፍ

ፍቅር ባልሰመረ ቁጥር ዕድልን የሚከስሱ ሰዎች ያናድዱኛል። ዕድል ምን አደረገ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በገዛ አፌ።

የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነኝ። በዚያ ሳምንት የተላክኩት ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር። ማሽኑ የሳሙና መጠቅለያ ያትማል፤ መጠቅለያው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ወፍ አለች። ወረቀቱ ስለሚሮጥ ወፏ በዓይን አትያዝም። የእኔ ሥራ ወረቀቱን የሚያትመው ሲሊንደር አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ብልጭ የሚል መብራት መግጠም ነው። ብልጭታው ከዙሩ ጋር ከገጠመ ወፏ የቆመች ትመስላለች፤ አታሚውም የቀለሙን ስሕተት ያያል።

አታሚው ማሽኑን በጆሮው የሚያውቅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወንበሩን ለእኔ ለቆ ራሱ ቆሞ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ምሳውን ለሁለት ከፈለ። ማታ ወደ ተከራየኋት ክፍል ስመለስ ዝምታዋ ከወትሮው ከበደኝ።

ወፏ ግን አልቆመችም። ቀስ እያለች ወደ ግራ ትሸሻለች።

«እየሄደችብሽ ነው» አለኝ እየሳቀ።

«መብራቱን የሚያበራው ቆጣሪዬ አልተሳሳተም! የዙሩን ጊዜ ለክቼ ነው የሞላሁት።»

«የእኔም ማሽን አልተሳሳተም። የወረቀቱ ጥቅልል ሲከብድ ይዘገያል፣ ሲቀል ይፈጥናል። ሲሊንደሩ ሥር ያለው ሴንሰር በየዙሩ ምልክት ይሰጥሽ የለ? ለምን ከእሱ አትነሺም?»

«ሴንሰርህ ቆሻሻ ነው። አንዴ ሲዞር ሦስቴ ይጮኻል። እሱን አምኜ መብራቱን ላሳብደው?»

«እሺ በቃ፣ አትቆጪ የእኔ እመቤት።»

ሐሙስ ዕለት እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቤ ቆመ።

«ወንድሜ እሱ ባለበት አገር ሥራ አግኝቶልኛል። የአራት ዓመት ውል ነው፤ ነገ ማታ ፈርም እያለኝ ነው።» ቀና አላለም። «‹ቅር› ካልሽኝ እቀራለሁ።»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን የራሱን ሥራ ሠራ።

«መጀመሪያ ወፏ ትቁም። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

«ነገ ትመጫለሽ?»

«ሲያልቅልኝ እመጣለሁ። በአንተ ሰዓት አልሠራም።»

ዓርብ አልሄድኩም። ክፍሌን ዘግቼ የመብራቱን ፕሮግራም እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ እሱ እንዳለው፣ ምልክቱ በመጣ ቁጥር ቆጣሪው ከዜሮ እንዲነሣ። መሸነፌን አሳምሬ ልወስድለት ነበር። «ቅር» የሚለውን ቃል ለግድግዳው ደጋግሜ አልኩት። ልደውልለት? ኩራቴ ይፈቅዳል እንዴ! አንድ ቀን ቢጠብቅ ምን ይሆናል?

ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩ ባዶ ነበር። አርፍዶ ነው ብዬ ሽቦውን ከሴንሰሩ ጋር አገናኘሁ። እንደ በፊቱ ሦስቴ ይጮኻል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ምልክቱ ግን ጥርት ብሎ መጣ፣ በዙር አንድ። ወፏ ቆመች። ላባዋ ሳይቀር ይቆጠራል።

«እሱን ከሆነ የምትፈልጊው፣ ትናንት ተሰናብቷል» አሉኝ ፎርማኑ። «ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ ሥር ተኝቶ ያንን ሴንሰር ሲፈታ፣ ዘይቱን ሲጠርግ፣ ሽቦውን ሲቀይር ዋለ። ‹ትመጣለች› እያለ እስክንዘጋ ድረስ በር በሩን ያያል።»

ደወልኩለት። ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«ቆመች?» አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«ቆመች።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ቅር» አልኩት።

«ፈረምኩ እኮ። ማታ። ወንድሜ ዋስ ሆኖልኛል።»

«እሺ።»

«ምነው፣ አትቆጪም?»

«በማን ልቆጣ?»

ውሉ ካለቀ ዓመት አልፎታል። እሱ እዚያው ቀረ። በየስድስት ወሩ ማሽኑን ለማየት እሄዳለሁ። ጥቅልሉ ይከብዳል፣ ይቀላል፤ ወፏ ንቅንቅ አትልም። ንጹሕ ጨርቅ ከቤት ይዤ ከማሽኑ ሥር እገባና ሴንሰሩን እጠርገዋለሁ። ስወጣ ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ በሩ ይሄዳል።